ወለል ላይ የተኛው መስመር

"ተነሳ እንጂ! ምን አጋደመህ?"

ኮምፒውተሩ ላይ የምትጮኸው በእንጨት ፋብሪካው ቢሮ ሁሉም "ወጌሻዋ" የሚላት ሴት ናት። የተሰበረ ፋይል ሁሉ እሷ ጋ ስለሚመጣ ነው ስሙ የወጣላት። ዛሬ ግን ወጌሻዋ ራሷ ልትሰበር ምንም አልቀራት። ከሰዓት በኋላ ለፋብሪካው ባለቤት በሚቀርበው ሪፖርት ላይ የተመረቱት ወንበሮች በሰማያዊ ዓምድ፣ መጋዝ የጎዳቸው ሠራተኞች በቀይ መስመር፣ ሁለቱም በአንድ ቻርት ይውጡ ተብላለች። ዓምዶቹ ሽቅብ ተገትረዋል። መስመሩ ግን ከሥራቸው ተጋድሞ አልነሳም ብሏል። ብትሰርዘው፣ ብትመልሰው ወይ ፍንክች! አንዴማ ጭራሽ ወንበሮቹም መስመር ሆነው ቁጭ አሉ።

መጋዙ ላይ የሚሠራው ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ በበሩ ብቅ አለ።

"እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?"

"ከዚህ ገገማ ጋር! አንተስ ሥራ የለህም?"

"የማሽኑ መከለያ ነገር ምን ደረሰ ልልሽ ነው። ትናንትም የአንዱ እጅ ለጥቂት ነው የተረፈችው።"

"ባለቤቲቱ ዛሬ ሪፖርቱን አይተው ይወስናሉ። ሂድ በል፣ ደግሞ ተጠንቀቅ!"

እሱ እንደወጣ ሥራ አስኪያጁ ገባ። በትከሻዋ በኩል ስክሪኑን አየና ፊቱ በራ።

"ግሩም ነው! በቃ እንዳትነኪው።"

"ኧረ ተበላሽቶ እኮ ነው! ወንበሩ በሺህ ነው፣ ጉዳተኛው ግን ጥቂት ሰው። በአንድ መለኪያ ሲሆን የሌለ ይመስላል። መፍትሔውን ነው ያጣሁት።"

"ምን መፍትሔ ያስፈልገዋል? ይኸው፣ አደጋ የለም። መከለያ መከለያ እያሉ ከሚጨቀጭቁን እንገላገላለን።"

ሄደ። ደሟ ፈላ። ጠዋቱን ሙሉ ያንገበገባት መስመር ለካ ለዚህ ሰው ሲሳይ ኖሯል! በንዴት መስመሩን በቀኝ ጠቅ አደረገችና እስካሁን ያልሞከረችውን ምርጫ ነካች። በስተቀኝ ለመስመሩ ብቻ የሚሆን ሌላ መለኪያ ወጣ፤ ቀዩም ብድግ አለ። ከወር ወር እየወጣ ዓምዶቹን አልፎ ሄደ።

"እሰይ!" አለች። ወዲያው ግን ሥራ አስኪያጁ ትዝ አላት። ይህን ባሳይ ያባርረኛል፣ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? መስመሩ የተጋደመበትንም የቆመበትንም ቻርት አስቀመጠችና ወደ ስብሰባው ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ወንበር ሲያወራ፣ ሲያወራ ቆይቶ "ቻርቱን አሳዪ" አላት። ዋርሳዋ መከለያ ከሌለው ማሽን ፊት ቆሞ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። መስመሩ የቆመበትን ቻርት ከፈተች። ባለቤቲቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

"ይሄ ሽቅብ የሚወጣው ቀይ ምንድን ነው?"

"የኮምፒውተር ስህተት ነው!" ሥራ አስኪያጁ ቀደማትና አፈጠጠባት። "ወደሚቀጥለው እለፊ!"

ወጌሻዋ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

"ስህተት አይደለም። መጋዙ የጎዳቸው ሰዎች ናቸው" አለች ለባለቤቲቱ። "ታች ናቸው፤ ልጥራልዎት?"