ለእንግዳ የተጋገረ ዳቦ

ሐረግ መካነ ሰላም በገባችበት ቀን አክስቷ እትዬ ካሰች ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ» አሏት፤ እሷ ግን አልጎረሰችም። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት በዚያው ሰሞን ነበር፤ ከተማው ግን ንጉሡን ትቶ የሐረግን ጉርሻ ማውራት ያዘ።

እናቷ ስትሞት ያሳደጓት፣ ደሴ ድረስ ልከው ያስተማሯት እትዬ ካሰች ናቸው። አሁን ልጅቷ ከአዲስ አበባ ተልካ የመጣችው፣ የውጭ መንግሥታት ለተራበው ወሎ የሰጡት ዱቄት የት እንደገባ ልትመረምር ነው። የሚመረመሩት ደግሞ ዱቄቱን የሚያከፋፍሉት የአክስቷ ባል፣ ጋሼ ውበቱ። ዘመዴ ናቸው ብትል አለቆቿ ሌላ ሰው የለንም አሏት። ስለዚህ እዚያ ቤት እህል ላትቀምስ ለራሷ ምላ፣ ዳቦ ቆሎዋን ቋጥራ መጣች።

ከእሷ በፊት የመጡት ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከጋሼ ውበቱ ገበታ ነበር፤ የሚጨርሱትም እዚያው። ጠግቦ ስለ ረሃብ የሚጽፍ ሰው ምን ብሎ እንደሚጽፍ መቼም አይጠፋችሁም።

ጋሼ ውበቱ የጉርሻውን ነገር በሳቅ አለፉት። ልጅቷ መንገድ አድክሟት ነው፣ እሑድ ሽማግሌ ጠርተን እንደግስላታለን፣ ያኔ እምቢ አትልም አሉ።

ቅዳሜ ሐረግ ከከተማው ዳር ወዳለው የረሃብተኞች መጠለያ ወረደች። እዚያ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከከላላ በእግሯ የመጣች ሩቂያ የምትባል ሴት አገኘች። ትንሹ ልጅ ዝንብ እሽ ለማለት እንኳ አቅም አልነበረውም። ዱቄት መቼ እንደተሰጣቸው ስትጠይቃት ሩቂያ መጀመሪያ የሐረግን ጫማ አየች።

«አንቺም ከመንግሥት ነሽ?»

ሐረግ ነኝ አለች።

«እንግዲያው ልንገርሽ። እናንተ በመጣችሁ ቁጥር ዱቄቱ አልቋል ይሉናል። ስትሄዱ መስጠት ይጀምራሉ። ወላሂ፣ እኛ የምንራበው እናንተ ስትመጡ ነው። ይኸው አንቺ ከመጣሽ ጀምሮ አልቀመስንም።»

ሐረግ አፈረች፤ እፍረቱም ወዲያው ንዴት ሆነባት። ዳቦ ቆሎዋን በውሃ አርሳ ለልጆቹ ሰጠችና ምንም ሳትቀምስ አደረች።

እሑድ ቤቱ በሰው ሞላ። ገበታው ላይ ነጭ ድፎ ዳቦ ተደርድሯል። በዚያ ዓመት፣ በዚያ አገር፣ ያን የመሰለ ዱቄት ገበያ ላይ ያየ ሰው አልነበረም፤ የተጠሩት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፣ ሁሉም ከገበታው ተቀምጠዋል። ሐረግ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ይህ ዱቄት ከየት መጣ?»

ጋሼ ውበቱ ቀደሙ። «የማንን እንጀራ በልተሽ እንዳደግሽ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም ጋሼ። ያደግሁት የእናንተን በልቼ ነው። ይህ ግን የእናንተ አይደለም።»

ከዚያም ሩቂያ ያለችውን ለአክስቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እትዬ ካሰች ባላቸውን አዩ። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ከመጋዘኑ ዱቄት በጆንያ እየመጣላቸው ሲጋግሩ ኖረዋል፤ መንግሥት ለእንግዳ የመደበው ነው ተብለው ነበር። ለምን ይህን ያህል ብለው አልጠየቁም።

«ስንቱን በሞቴ እያልኩ አጎረስኩ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ተነስተው ዳቦውን ከእንግዶቹ ፊት ያነሱ ጀመር። ባላቸው ተይ ቢሏቸው አልሰሙም። መጠለያው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸውና የሥጋ ወጡን ትተው ዳቦውን ብቻ በነጠላቸው ቋጠሩ፤ የቀረውን ሐረግ ተሸከመች። ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ ተነስተው አገዟቸው።

መጠለያው ሲደርሱ ዳቦው እየተቆረሰ ለሁሉም ተዳረሰ። ሩቂያ ለትንሹ ልጇ እያላመጠች ስታጎርሰው እትዬ ካሰች ቆመው አዩ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የምርመራ ሪፖርቷን ወደምትጽፈው ሐረግ ሄዱ።

«የሳቸውን ስም አስገባሽው?»

«አስገባሁት፣ እትዬ።»

«የእኔንም አስገቢ። የጋገርኩት እኔ ነኝ።»

ሐረግ መጻፍ አቆመች። የጋሼን ስም ስትጽፍ ያልመጣ እንባ አሁን መጣ። አያውቁም ነበር፣ ተታለው ነው ልትል አፏን ስትከፍት አክስቷ አጎንብሰው፣ ዱቄት የነካው እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

«በሞቴ» አሏት።

ሐረግ ሁለተኛ እምቢ ማለት አልቻለችም። ጻፈችው።