ቅንድባቸውን ሲያክሙ የከረሙት ጋሼ ምላጭ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ምላጭ ነው የሚላቸው። ፀጉር አስተካካይ ናቸው። እጃቸው የረጋ ስለሆነ የሚወራጭ ሕፃን እንኳ ሳይጭሩ ይላጫሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ፊታቸውን ከስክሰው ፋርማሲው ገቡና ባዶዋን የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ ኳ አደረጓት።

«ዶክተርዬ፣ እነዚህ ፋብሪካዎች ሌቦች ናቸው! ግማሹን አየር ሞልተው ነው የሚሸጡልን!»

ፋርማሲስቷ ሳቀች። «ዶክተር አይደለሁም» ማለቱን ከተወችው ቆይታለች፤ ሰፈሩ አልሰማ ብሏታል።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ወር ታቆያለች። ሰሞኑን አይደል እንዴ የወሰዱት?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? አለቀቻ!»

«ማታ ማታ አንዳንድ ጠብታ ነው አይደል የሚያደርጉት?»

ጋሼ ምላጭ አገጫቸውን አሻሹ። «እንግዲህ... እስክትገባ ድረስ ነው።»

ይቺ «እስክትገባ ድረስ» አላማረቻትም። ከኋላቸው ለቆመችው እናት የልጇን ሽሮፕ አለካክ አሳይታ ሸኘቻትና ጋሼን የደም ግፊት ወደምትለካበት ጠባብ ክፍል ይዛቸው ገባች። ዓይን የሚያረጥብ፣ ጉዳት የሌለው ጠብታ ሰጠቻቸው።

«እስቲ ቤትዎ እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩኝ።»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ቅንድባቸው ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ በአፍንጫቸው ቁልቁል ወረደች። ሦስተኛዋ የፋርማሲስቷን ጋዋን አራሰች። ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም፤ ዓይናቸው ብልቃጧን ገና ከሩቅ ሲያያት ጥርቅም ይላል።

«ባለቤትዎ አያደርጉልዎትም?»

«እሷማ ፊቴን ሳጨማድድ ስታይ በሳቅ ትሞታለች! አንዴ ጆሮዬ ውስጥ ጨምራው ተኮራርፈን አደርን።»

ፋርማሲስቷ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የዓይን ሐኪሙ የዓይንህ ግፊት አልቀነሰም አለኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲሁ ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው አለ። ዓይኔ ከጠፋ ማን አንገቱን ይሰጠኛል?»

«ጠብታው አልገባ እንዳለዎት ነግረዋቸዋል?»

«አንቺ ደግሞ! በዚህ ሽበት ‹ጠብታ መጨመር አቃተኝ› ልበል? ‹በደንብ እያደረጉ ነው?› ሲለኝ ‹አሳምሬ!› አልኩታ።»

አሁን ሳቋ ጠፋ። የዓይን ግፊት ሳያም ሳይቆረቁር ብርሃንን ቀስ በቀስ እንደሚወስድ ታውቃለች። ሰውየው መድኃኒቱን ሲገዙ ከረሙ እንጂ ዓይናቸው አላገኘውም።

«ጋሼ፣ ጨፍነው ቢያደርጉትስ?»

«ጨፍኜ? ቀለድሽብኝ!»

«የምሬን ነው። ብቻ በጀርባዎ ጋደም ማለት አለብዎት።»

«ጋደም ለማለትማ የኔ ወንበር አለልሽ!»

ባንኮኒውን ለባልደረባዋ ተወችና አብረው መንገዱን ተሻገሩ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ባለታክሲ፣ ጋሼ ምላጭ በገዛ ወንበራቸው ላይ ሲንጋለሉ አይቶ ጋዜጣውን አጠፈ።

«ዛሬ ደግሞ ማን ማንን ሊላጭ ነው?»

«ዝም በል አንተ፣ ሕክምና ላይ ነኝ!»

«ይጨፍኑ» አለች ፋርማሲስቷ። ጠብታዋን በአፍንጫቸው በኩል ባለው የዓይናቸው ጥግ ላይ አኖረቻት። «አሁን ቀስ ብለው ይክፈቱ።»

ከፈቱ። ጠብታዋ ሸርተት ብላ ገባች።

«ገባች! ሳላያት ገባች እኮ!»

«ይጨፍኑና ጥጉን በጣትዎ ለስለስ አድርገው ይያዙት፤ ወደ አፍንጫ እንዳይወርድ። በሉ ሌላውን ዓይን እርስዎ ይሞክሩ።»

ሞከሩ። ተሳካላቸው። ባለታክሲው አጨበጨበ።

«አሁን ለሐኪምዎ ልደውልላቸው?» አለች።

«እንዳታዋርጂኝ ብቻ!»

ሐኪሙ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ «ደግ አደረግሽ» አላት። «እኔም ያደርጋሉ ወይ አልኩ እንጂ አሳዩኝ አላልኩም። በይ ቀዶ ጥገናው ይቆይ፤ በትክክል እየተጠቀሙ ከርመው እንያቸው።»

ከዚያ በኋላ ብልቃጧ ወሯን መድፈን ጀመረች። የቀጠሮው ቀን ጋሼ ምላጭ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ፋርማሲው ገብተው «ወረደ!» ብለው ጮኹ። ሰልፉ ላይ የነበሩ አሮጊት ደንግጠው «ኧረ ማን ነው የወረደው?» አሉ።

«ግፊቱ ነዋ እማማ! ግፊቱ!»

ሐኪሙ እስካሁን የደከመው እይታቸው እንደማይመለስ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። የቀረው ግን በዚሁ ከቀጠሉ ሊቆይላቸው ይችላል፤ ቀዶ ጥገናውም ተትቷል። ፋርማሲስቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቶሎ ብላም መደርደሪያ የምታስተካክል መሰለች።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ምላጭ ሥራቸው ጨመረ። ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ካለ መቀሳቸውን ያቆማሉ። «እንዴት እንደምትወስደው ለዶክተሯ አሳይተሃታል?»

ባለፈው ሰኞ አንድ ዘበኛ አንገቱ ላይ የተቆረጠ ፀጉር እንደተበተነ መጣ። በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቱን ከኪሱ አወጣ።

«ጋሼ ምላጭ ናቸው የላኩኝ» አለ እያፈረ። «ፀጉሬን የሚጨርሱልኝ እዚህ ደርሼ ስመለስ ነው አሉኝ።»

ፋርማሲስቷ ወንበር ሳበችለት።