ጀርባ ሰጥቶ አቤት አይባልም

አባዬ ቅዳሜ ዕለት ስተኩስ ሊያየኝ የመጣው ወዶ አይደለም። ሰኞ ፖሊስ ስለሚደውልለት ነው።

የራሴን ሽጉጥ ለመግዛት ፈቃድ አመልክቼ ነበር። አብሮሽ የሚኖር የቤተሰብ ሰው ስም ስጪ ሲሉኝ «አቢሶ» ብዬ የአባቴን ስም ሰጠሁ። ሌላ ማንን ልሰጥ? እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእኛ የሁለታችን ብቻ ነው። ከፖሊስ ጣቢያው ሰርጀንት ይደውልና «ልጅህ መሣሪያ ቢኖራት ትቃወማለህ?» ይለዋል። አልቃወምም ካለ ፋይሌ ወደፊት ይሄዳል፣ እቃወማለሁ ካለ እዚያው ይቀራል። አባዬ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሺም እንቢም ሳይለኝ ከርሞ፣ ዓርብ ዕለት እራት ላይ «ነገ መጥቼ ልይሽ። ካየሁ በኋላ መልሴን ታውቂዋለሽ» አለኝ።

ሽጉጥ ስል ሰው አይደንግጥ። ፖይንት ቱ-ቱ ናት፤ ጥይቷ የክብሪት እንጨት ግማሽ ብታክል ነው። ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት የትልልቁ ሽጉጥ ጥይት ከገበያ ጠፍቶ፣ የተገኘውም ዋጋው ሰማይ ነክቶ፣ ባለ ናይን ሚሎቹ ጎረምሶች እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እኛ የቱ-ቱ ሰዎች በአምስት ዳቦ ዋጋ ሃምሳ ጥይት እየገዛን እንለማመድ ነበር። ውድድሩም ቀላል ነው። አምስት የብረት ሳህኖች ይቆማሉ፣ ሰዓት መያዣዋ «ጢጥ» ትላለች፣ አምስቱን እየመታህ ታቃጭላቸዋለህ። ፈጣን ሰው አራት ሰከንድ ይበቃዋል። ሽጉጧ የክለቡ ናት፣ በተራ ነው የምትደርሰን። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ዳቬይተን በሚገኘው ሱቃችን ጓዳ የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ በስልክ ስማር በነበረበት በዚያ ዓመት፣ የራሴ የምለው ነገር እነዚያ አራት ሰከንዶች ብቻ ነበሩ። ለዚህ ነው ፈቃዱን አጥብቄ የፈለግሁት።

አባዬ ደግሞ ስለ ሽጉጥ የሚያውቀው አለው። ኮሮና ሳይመጣ በፊት ሦስት ልጆች መሣሪያ ይዘው ሱቁ ገብተውበት ነበር። ያኔ ቸርች ላይ ቆሞ መስክሯል፦ «በኢየሱስ ስም! ብዬ ጮህኩባቸው፤ ሽጉጣቸውን እንደያዙ እግሬ አውጪኝ አሉ።» ጉባኤው «ሃሌሉያ!» ብሎ ቤቱን አናወጠው። እኔ የልቤ ኩራት በደረቴ አልያዝ አለኝ። እንዲያውም የሰው ልጅ ድፍረት በዘር የሚተላለፍ ከሆነ ከእሱ ነው የወሰድኩት ብዬ አምን ነበር።

መተኮሻው ከቤኖኒ ወዲያ፣ የድሮ የወርቅ ማዕድን አፈር በተከመረበት ሥር ነው። በሩ ላይ ሙቀታችንን ለኩን፣ እጃችንን አስታጠቡን። ሜዳውን የምትመራው ሲስ ታንዴካ ጡረታ የወጣች ፖሊስ ናት፤ ድምፅዋ ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። ለአባዬ ከመከለያው ገመድ ጀርባ ወንበር አስቀመጠችለት።

«ባባ፣ ከዚህ ገመድ አትለፍ፣ እሺ?»

«እሺ ሲስተር» አለ አባዬ ማስኩን እያስተካከለ። የቸርች ኮቱን ነበር የለበሰው።

ከገመዱ እንዳያልፍ ተነገረው። ተኳሽ መሥመር ላይ እያለች ስሟ እንደማይጠራ ግን ማንም አልነገረውም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልነገርኩትም።

የሜዳው ትልቁ ሕግ አንድ ነው፦ አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ አፈሩ ክምር ያያል። እባብ ቢመጣ፣ ንብ ቢነድፍህ፣ አፈሙዝ ከአፈሩ አይነቀልም። ይህን በእንቅልፌም እለዋለሁ።

«ሎድ ኤንድ ሜክ ሬዲ» አለች ሲስ ታንዴካ። ካዝናውን አስገባሁ፣ አጎረስኩ፣ አፈሙዙን ከፊቴ ወዳለው የመነሻ ቀይ ምልክት ዝቅ አደረግሁ። ጆሮዬ ላይ ያለው መከላከያ የተኩስ ድምፅ እየዋጠ የሰው ንግግር የሚያጎላ ዓይነት ነው፤ ከኋላዬ አባዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ አጠገቤ ያለ ያህል ሰማሁት። በልምምዱ ወራት ሁሉ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከሳህኖቹ ይልቅ ጀርባዬን የሚያዩት ሁለት ዓይኖች ከበዱኝ።

አምስት ዙር ነው። የመጀመሪያውን በአምስት ሰከንድ ጨረስኩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተሻሉ። በአራተኛው አንድም ሳልስት አራት ሰከንድ ከምናምን ሆነልኝ፤ «ሀይቦ!» አለች ሲስ ታንዴካ፣ እሷ ደግሞ በቀላሉ የምትደነቅ ሴት አይደለችም። አንድ ዙር ቀረኝ። ይህን ካሳየሁት እሺ ይላል አልኩ በልቤ።

«ጢጥ!»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሳህን ጮኸ። አራተኛው ላይ ቃታውን ስስብ «ቀጭ» ብቻ አለ። ጥይቱ ከሸፈ።

ርካሽ ጥይት ይከሽፋል፤ የዋጋው ነገር ነው። ሲስ ታንዴካ ለጀማሪ ያወጣችው ደንብ ግን ግልጽ ነው፦ የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አፈሙዙን አፈሩ ላይ እንዳስያዝሽ ሠላሳ ቁጠሪ። «ከጮኸችው ዝም ያለችዋን ፍሪ» ትለናለች። ጣቴን ከቃታው አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። ሜዳው ጸጥ አለ። ስምንት፣ ዘጠኝ።

አባዬ ጸጥታውን ሲሰማ የጨረስኩ መሰለው።

«ፊቤ!» ብሎ ጠራኝ። ደስ ብሎት ነበር፤ ድምፁ ያስታውቃል።

እኛ ቤት አባት ሲጠራ ጀርባ ሰጥቶ አቤት አይባልም። መዞር አለብህ፣ ፊትህን ማሳየት አለብህ፣ አንገትህንም ዝቅ ማድረግ። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው እናቴ በቁንጥጫ ያስተማረችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሳትኩትም፣ ያን ቀንም አልሳትኩትም።

«አቤት አባዬ» ብዬ ዞርኩ። እጆቼም አብረውኝ ዞሩ።

አፈሙዙ ቀጥታ ወደ ደረቱ ዞረ። ውስጡ አሥር ያልሞላ ቁጥር የተቆጠረላት የከሸፈች ጥይት አለች።

አባቴ አልጮኸም። ወንበሩን ጥሎ በጉልበቱ ወደቀ። ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አነሳ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፣ ከዚያ እኔ ልጁ መሆኔን ፈጽሞ ረስቶ በዙሉ ይለምነኝ ጀመር።

«ታታ ኮንኬ፣ ቡቲ። ታታ ኮንኬ።» ሁሉንም ውሰድ ወንድሜ፣ ሁሉንም ውሰድ።

«ስቶፕ!» የሲስ ታንዴካ ድምፅና እጇ አንድ ላይ ደረሱብኝ። የእጄን አንጓ ይዛ ወደ አፈሩ መለሰችኝ። የሚቀረውን እሷ ቆጠረች፣ ጮክ ብላ፣ እስከ ሠላሳ። ከዚያ ጥይቷን አስወጣችኝ፤ አሸዋው ላይ ወደቀች።

«ለዛሬ ከውድድር ወጥተሻል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሚቀጥለው ወር ተመለሺ። ጣትሽ ቃታው ላይ አልነበረም፣ እሱን አይቻለሁ። አሁን ሂጂ፣ አባትሽን አንሺ።»

አነሳሁት። ሱሪው ጉልበት ላይ የተጣበቀውን ቀይ አፈር አራገፍኩለት። ሊያየኝ አልቻለም።

ባኪዋን፣ የዕቃ መጫኛ መኪናችንን፣ ራሱ ነዳት። ግማሽ መንገድ ላይ «ይቅርታ አባዬ» አልኩት።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ያኔ ሱቁ ውስጥ...»

«ፊቤ፣ መንገዱን ልይበት።»

እሑድ ቸርች ሄድን፣ ዘመርን፣ ተመለስን። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ሰኞ የሚለውንም አውቄው ነበር፦ ልትገድለኝ ነበር ይላል። ቢልስ ምን ውሸት አለው?

ስልኩ የጮኸው ረፋድ ላይ ነው። አባዬ የሱቁ መሸጫ መስኮት ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ማስክ ያደረጉ ስድስት ሰባት ሰዎች ተሰልፈዋል። እንግሊዝኛው ቢያስቸግረው እንድረዳው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ሰርጀንቱ ግን በዙሉ ነበር ያናገረው።

«ባባ፣ ልጅህ መሣሪያ ቢኖራት ትቃወማለህ?»

እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ልጄ ጠንቃቃ ናት» አለ። «ጥሩ ልጅ ናት። አምናታለሁ።»

ፈቀደልኝ አልኩ።

«መሣሪያው ግን እቤቴ እንዳይገባ።»

«ለምን ባባ? ካመንካት ምን ችግር አለ?»

«ችግሩ እኔ ነኝ» አለ አባቴ። ሰልፉ ሁሉ ይሰማል፤ እሱም እንደሚሰሙት ያውቃል። «እፈራለሁ። የዚያን ጊዜ ሲገቡብኝ ጮህኩባቸው ብያለሁ። አልጮህኩም። ተንበርክኬ ለመንኳቸው። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። እሱን ነገር ባየሁ ቁጥር እዚያው ወለል ላይ ነኝ። እሱ ባለበት ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እንግዲህ እንደምትቃወም እጽፋለሁ» አለ ሰርጀንቱ።

«ጻፍ» አለ አባዬ፣ ስልኩንም ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አንድ ዓመት የለፋሁበት ነገር ነበር። ንዴቱን ግን እንባ ቀደመው። ያን ሁሉ ሃሌሉያ ብቻውን ተሸክሞ በየእሑዱ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር።

ሰልፉ ፊት የቆሙት እናት ዓይናቸውን ሰብረው ዳቦ መጠየቅ አቃታቸው። አባዬም እጁን ወደ መደርደሪያው ዘርግቶ እዚያው ቀረ። ከተዘረፈ ጀምሮ ያን መስኮት ለእኔ ለቅቆ አያውቅም። ከኋላው ሄጄ ትከሻውን ያዝኩት።

«አባዬ፣ አንተ ግባና ተቀመጥ። እኔ እሸጣለሁ።»

ገባ። ጆንያው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እኔም ለሴትዮዋ ሁለት ዳቦ አውጥቼ ሰጠኋቸው።