የላይኛው ማሳ ወይን

የወይን ጠርሙሱ ቡሽ መሃሉ ላይ ተሰበረባት።

"ያው፣ ገና ከጅምሩ" አለ ታናሽ ወንድሟ እጆቹን እያፋተገ። ወይኑ የሚቀመጥበት ምድር ቤት በበጋም ሹራብ ያስለብሳል።

በማግስቱ ትራክተር መጥቶ የላይኛውን ማሳ ወይን ሊነቅል ተቀጥሯል። ማሳው ከእርሻቸው ሁሉ ከፍ ብሎ፣ ጉም የማይለየው የተራራው ትከሻ ላይ ነው። የታችኛው ተለቅሞ ሲያልቅ የእሱ ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው፤ ዘግይቶ ሲበስልም የሚወጣው ቀይ ወይን ጠጅ ምላስ ያደርቃል። ወንድምየው በምትኩ ፖም ሊተክል ቆርጧል። እሷ ግን አባታቸው በእጃቸው የተከሉት ነገር እንዲህ በቀላሉ እንዲነቀል አንጀቷ እምቢ አላት። እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ልቅመሰው ብላ ነው ከአሮጌዎቹ ጠርሙሶች አንዱን ያነሳችው።

የቤቱ ደንብ የታወቀ ነው፦ ወይን የሚቀመሰው እዚያው በተኛበት፣ ቆሞ ነው። አባትየው በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ ይከፍቱና አንዴ ተጎንጭተው "ገና ነው" ይላሉ፤ የቀረውን ይደፉት ነበር። ገና ነው እንዳሉ ሞት ቀደማቸው።

እህትየው የቡሹን ፍርፋሪ አጥልላ ቀመሰች።

"እንዴት ነው?"

"ጎምዛዛ ነው። ደግሞ ዝም ያለ ነው፣ ሽታም የለው።"

"እንግዲህ እትዬ፣ ምን ቀረሽ?"

መድፋቱን ግን ጠላችው። ሥጋ ላይ አደርገዋለሁ ብላ ጠርሙሱን ወደ ኩሽና ይዛው ወጣች፤ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችውና ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነገር ዓለሙን ረሳችው።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ኩሽናው አንድ ነገር ይሸታል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ምንድነው? ድስቱን ከፈተች። የፍራፍሬ ቅርጫቱ ውስጥ አፍንጫዋን ከተተች፤ ከሽንኩርት በቀር ምንም የለም። እንጆሪ እንዳትለው፣ ዝናብ የነካው አፈርም አለበት። የገዛ ልብሷን ሳይቀር አሸተተች። በመጨረሻ ጠርሙሱን ስታነሳ ለብ ብሏል።

ቀመሰችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያ ምላስ የሚይዘው ነገር የት ገባ? ምራቁን የዋጠ ሰው ሲያወራ እንደሚሆነው፣ ጣዕሙ ሳይቸኩል አንድ በአንድ ይመጣል። ወንድሟን በመስኮት ጠራችው።

እሱ ተጎነጨና እንደገና ተጎነጨ። ከዚያ በጥርጣሬ አያት።

"ምን ጨመርሽበት?"

"ምንም።"

"ሌላ ጠርሙስ ነው። አታሹፊብኝ።"

የተሰበረውን ቡሽ አሳየችው። ቡሹንና ብርጭቆውን እያፈራረቀ አየ።

"ታዲያ ጠዋት ምን ሆኖ ነበር?"

"በርዶት ነበር፤ አየርም አላገኘም። አባባ እኮ አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ አውጥተውት አያውቁም። ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር የሚቀምሱት።"

አባታቸው የደከሙበትን ነገር ጣዕሙን ሳያውቁ ሄዱ። ወንድምየው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ይኼኛው ብቻ ቢሆንስ?" አለ። "አንድ ጠርሙስ አያሳምነኝም።"

ወደ ምድር ቤት ወረደ። እሷ ከላይ ሆና ጆሮዋን ጣለች፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እዚያው ቆሞ ከከፈተው ያው ጎምዛዛው ነው የሚጠብቀው። የቡሽ ድምፅ አልሰማችም። የሰማችው ደረጃውን ሲወጣ ነው።

ያልተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ገባ። ቡሹን ሳይሰብር ቀስ ብሎ ሳበው፣ ጠርሙሱን ምድጃው አጠገብ አኖረና ጃኬቱን አውልቆ ተቀመጠ።

"ትራክተሩስ?" አለችው።

ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ አላነሳም።

"ደውይለትና ገና ነው በይው።"