የድልድዩ አርባ ደቂቃ

ሄልካ ያን ዝርዝር በእጇ የጻፈችው ለደግ ብላ ነበር።

በፊንላንድ፣ ከቱርኩ ከተማ በስተ ሰሜን ባለች ትንሽ ወደብ፣ መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሱ ድልድዮችን ፕሮግራም በሚሠራ ቢሮ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ፕሮግራሙ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አንዲት ፊደል በተነካች ቁጥር ሁሉም ፋይል እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ይለወጣል፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ። አለቃዋ ኤስኮ መረረው።

«እዚህ ማሽን ፊት ቁጭ ብዬ ጢሜ ሊሸብት ነው። አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

አደረገች። ፋይሎቹ የሚጋሩትን ነገር አውጥታ በሄደር ፋይሎች ከፋፈለችው። ሄደር ፋይል እንደ ውል ነው፤ የነፋሱ ኃይል ልክ በማሽኑ ማስታወሻ ስንተኛው ቦታ ላይ እንደተቀመጠ፣ የፍሬኑ ትእዛዝ የት እንዳለ ይናገራል፤ ሌሎቹ ያንን አንብበው ይስማማሉ። ከዚያ የትኛው ፋይል የትኛውን ሄደር እንደሚያነብ በዝርዝር ጻፈች። ሄደሩ ሲለወጥ ማሽኑ ዝርዝሩን አይቶ የሚመለከታቸውን ብቻ ኮምፓይል ያደርጋል፤ የቀረውን ይዘለዋል። አርባው ደቂቃ ሁለት ሆነ። ኤስኮ በደስታ ሄል የገባበት ዳቦ ገዝቶ መጣ።

ድልድዮቹ ላይ እየወጣ ፕሮግራሙን የሚጭነው ታውኖ ግን ዳቦውን አልነካም።

«የተዘለለው ሥራ የት ገባ?» አላት።

«የትም። ድሮም አያስፈልግም ነበር፣ አንተ ሽማግሌ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ…»

በኅዳር ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንደኛው ድልድይ ላይ አዲስ የፍሬን ሞተር ተገጠመ። ሄልካ ለሞተሩ ሄደሩ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመረች፤ ከነፋሱ መስመር በላይ። ከነፋሱ ጀምሮ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ወደ ታች ተገፋ። ሁለት ደቂቃ። ታውኖ አዲሱን ፕሮግራም ይዞ ሄደ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የፋይሎቹን ቀን ስታይ ዓይኗ አንዱ ላይ ቀረ። የፍሬኑ ፋይል የተሠራው ባለፈው ሳምንት ነው። ዝርዝሩን ገለጠች፤ የፍሬኑ ፋይል መስመር የለም። ረስታዋለች። ፍሬኑ አሁንም በአሮጌው ውል ነው የሚሠራው፤ ነፋስ ብሎ የሚያነበው የአዲሱን ሞተር ቁጥር ነው፣ እሱም ዜሮ። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ፍሬኑ ይላላል። ውጭ ባሕሩ አረፋ ደፍቋል። ስልኳን አነሳች።

«ታውኖ! ድልድዩ የት ነው?»

«ተነስቷል። መርከቧ አለፈች፣ ላወርደው ነው።»

«እንዳትነካው!»



«ነክቼዋለሁ» አለ፤ ብረትም በብረት ላይ ጮኸ።

ታውኖ ከሞተሩ ላይ ኃይሉን ቆርጦ የእጅ ፍሬኑ መዘውር ላይ ተንጠለጠለ። ድልድዩ እየወረደ ሳለ፣ ግማሽ ላይ ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ግን ለጥገና እንጂ ለዐውሎ ነፋስ አልተሠራም። አሮጌውን ፕሮግራም መመለስም አይቻልም፤ አዲሱን ሞተር አያውቀውም።

«የፍሬኑን ፋይል ብቻ ኮምፓይል አድርጊው! ሁለት ደቂቃ ነው!» አለ ኤስኮ ከጀርባዋ።

«ሌላ ስንት መስመር እንደረሳሁ አላውቅም።»

«ሰውየው በእጁ ይዞታል እኮ!»

ኮምፓይል የተደረገውን ሁሉ ሰረዘችና ከዜሮ ጀመረች።

«ታውኖ፣ አርባ ደቂቃ ትችላለህ?»

«ሌላ ምርጫ አለኝ?»

መጀመሪያ ላይ ክፍት በተወው ስልክ ያወራ ነበር፤ መኪኖቹ መንገዱን ከሚዘጋው መዝጊያ ማዶ መደርደራቸውን፣ አንዱ ሹፌር ጥሩንባ እየነፋ መሆኑን ነገራት። ከዚያ ቃላቱ አጠሩ። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ መዘውሩ ስንዝር ያህል ሸሸበት፤ ጩኸቱን ቢሮው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ትንፋሹ ብቻ ነበር። ሄልካ ስክሪኑ ላይ የሚያልፉትን የፋይል ስሞች አንድ በአንድ ትከተላለች፤ ማፍጠን አትችልም።

አለቀ። ቀጥታ ወደ ድልድዩ ማሽን ላከችው። ታውኖ ኃይሉን መለሰ፤ ድልድዩም እያቃሰተ፣ በዝግታ ወርዶ ተኛ።

የታውኖ ሁለቱም መዳፎች ተገሽልጠዋል፤ ሌላ የተጎዳ የለም። ሄልካ ዝርዝሯን ጣለች። ከእንግዲህ ኮምፓይል የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ ራሱ፣ እያንዳንዱን ፋይል ሲሠራ ያነበባቸውን ሄደሮች ይመዘግባል፤ የሰው እጅ አይገባበትም። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል።

በሳምንቱ ታውኖ እጁ እንደተጠቀለለ መጣ።

«ስንት መስመር ነበር የረሳሽው?»

የኮምፓይለሩን ዝርዝር ከራሷ ጋር አስተያይታው ነበር።

«ዐሥራ አንድ። አንደኛው ድልድዩ መውረዱን አንብቦ የመኪኖቹን መዝጊያ የሚከፍተው ፋይል ነው።»