ከአንሶላው ጥላ ስር

ወይኔ፣ ያን ቀን ጣራው ላይ ብታዩዋት! ሸራዋን ፀሐይ መሃል ገትራ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወዲያ ያለውን ኮረብታ በዘይት ቀለም ስትስል፣ በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት! ጣቷ ከቀለም ስለማይጠራ ታላቅ ወንድሟ «ቀለሟ» ነው የሚላት። ሥራዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ነፍሷ ግን ያለችው እዚህ ጣራ ላይ ነው።

በማግስቱ ደግሞ አንዲት የሥዕል ጋለሪ ባለቤት እቤት ድረስ ልትመጣ ነው! ለጀማሪዎች ኤግዚቢሽን አንድ ሥዕል ልትመርጥ። ቀለሟ ለማንም አልተነፈሰችም እንጂ በልቧ ቆርጣለች፤ ዘንድሮም ካልተመረጠች መሳል በቃ፣ አበቃ።

«እማዬ፣ አደራ ዛሬ ልብስ እንዳታሰጪብኝ!» ብላ ነው የወጣችው። ባለፈው ሳምንት እናቷ አንሶላ አስጥታ ፀሐዩን ስለከለለችባት ተኮራርፈው ነበራ።

«ጣራውን ገዛሽው እንዴ፣ የኔ እመቤት? አንሶላው የት ይድረቅ፣ አናቴ ላይ?» ነበር ያለቻት እናቷ።

ያኔ በንዴት እዚያው ጥላው ውስጥ ተቀምጣ፣ መጽሐፍ በምታህል ጣውላ ላይ ኮረብታውን በቀለም ሞነጫጨረችና ቁም ሳጥን ላይ ጥላት ረሳቻት።

ዛሬ ግን ፀሐይ እንደ ልብ ነው! ቢጫው ይነድዳል፣ አረንጓዴው ይስቃል። ስትጨርስ እርጥቡን ሸራ እንደ አራስ ልጅ እየተጠነቀቀች አወረደችውና ሳሎን አቆመችው።

ክው አለች።

ኮረብታው ከሰል መስሏል። ሰማዩ ጭቃ!

ወንድሟ አንገቱን አስግጎ፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ?» አለ።

«ዝም በል አንተ!»

«ኧረ ስቀልድ ነው… ግን የምሬን ነው፣ ለምን ማታ አደረግሽው?»

ቁጭ ብላ ብዙ አሰበች። ፀሐይ ሸራው ላይ ስታርፍ ጨለም ያለውንም ቀለም አድምቃ ታሳያለች፤ እሷም ብርሃኑ ዓይኗን ሲወጋት ቀለሙን አጥቁራ አጥቁራ ቀባችው። ታዲያ ጣራው ላይ ያበራው ሥዕሉ ነበር ወይስ ፀሐይዋ?

«ምን ችግር አለው?» አለ ወንድሟ። «ለሴትዮዋ ጣራ ላይ እናሳያታለን!»

እሷም፣ ጉዷ ፈላ፣ እሺ አለች።

በማግስቱ ባለጋለሪዋ ጣራው ላይ ሥዕሉን አየችና ፊቷ በራ። «እንዴት ያምራል! በሉ፣ ቤት አስገቡትና ልየው።»

«እ… እዚህ አይሻልም?»

«የኔ ልጅ፣ ሰው ሥዕል የሚሰቅለው ጣራ ላይ ነው?»

አወረዱት። ሴትዮዋ ሳሎን ውስጥ ወደ ሸራው ጠጋ አለች፣ ደግሞ ራቅ አለች። ቀለሟ መታገስ አልቻለችም። «ፀሐይ ላይ ስለሳልኩት ነው የጠቆረው። ትናንትናውኑ አውቄያለሁ፤ ላታልልዎት ነበር። ይቅርታ።» አለቀ፣ በቃ!

ሴትዮዋ ግን ወደ ቁም ሳጥኑ እያየች ነው። «ያቺስ?»

«ኧረ እሷ እንኳን ዝም ብላ ናት! ተናድጄ የሞነጫጨርኳት።»

ሴትዮዋ ጣውላዋን አንስታ ጨለም ያለው ጥግ ጋ ያዘቻት። ኮረብታዋ እዚያም ጠዋት ነበረች። ጠዋት! «የት ሆነሽ ነው የሳልሻት?»

«አንሶላ ጥላ ስር።»

«የኔ አንሶላ?» አለች እናትየው፣ ከኩሽና በር ላይ።

«እኔ ይህቺን መርጫለሁ» አለች ባለጋለሪዋ። «ትልቁን ደግሞ እዚያው ጥላሽ ውስጥ እንደገና ሥሪው። የምታይበት ብርሃን ካታለለሽ እጅሽ ምን ያድርግ?»

ሴትዮዋ እንደወጣች ቀለሟ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ግን ሁለቱን ኮረብታዎች ጎን ለጎን አቁማ አየቻቸው። የወደደችው ብርሃን አጠቆረባት፣ የተጣላችው ጥላ አበራላት። ከዚያ ወደ ኩሽና ገባች፣ እግሯን እየጎተተች።

«እማዬ… የሚታጠብ አንሶላ የለም?»

«እንዳታሰጪ ብለሽኝ የለ? ያውልሽ፣ ተቆልሏል!»

ቀለሟ እጅጌዋን ሰበሰበችና ሳፋውን ተሸክማ ወጣች።