የደራርቱ ታኮ

ዱባለ ከታኅሣሥ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ሚስቱን ደራርቱን የቀበረ ዕለት የአሮጌዋን ፒክአፕ ቁልፍ ለወንድሟ ለገመቺስ ሰጥቶ፣ ሽጣት፣ ጣላት፣ ብቻ ከዓይኔ አርቃት አለው። ገመቺስም ሸጣት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሌላ ፒክአፕ ይዞ መጣና ደጁ ላይ አቆማት። የሱሉልታን ወተት ወደ ከተማ የሚያደርስ ሰው ጠፍቷል፣ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት እህቴን አይመልሳትም፣ ተነስ እያለ ወተወተው። ዱባለ መንዳቱን አልፈራም። የፈራው ዳገቱን ነው፤ ከሰፈራቸው ወደ አዲስ አበባ ደግሞ በዚያ ዳገት ካልሆነ አይወጣም።

ደራርቱን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቃት ከታኮዋ ጋር ነው። የአሮጌዋ መኪና የእጅ ፍሬን ቢያሠሩት ሳይሰነብት ይላላል። እና ዳገት ላይ መንገድ ተዘግቶ ከቆሙ ደራርቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ታኮዋን ትሸጉጣለች። ከመንገድ ዳር የተነሳ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። አባቷ ከወይራ ግንድ ጠርቦ የሰጣት፣ ከወንበሯ ሥር የማትጠፋ ጉማጅ ነበረች። መንገዱ ሲከፈት የመኪናዋን ጎን በመዳፏ ሁለቴ ትመታና «ዴሚ!» ትላለች፤ ሂድ ማለቷ ነው። ዱባለ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ነዳጁን ረገጥ አድርጎ ይነሳል። የተጫነ መኪና መሃል ዳገት ላይ እንደገና አይቆምምና ሜዳው ላይ ወጥቶ ይጠብቃታል። እሷ ታኮዋን በብብቷ ይዛ፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘች በእግሯ ትመጣለች። በሩን ሲከፍትላት «ዘገየሽ» ይላታል። «እኔ ባልይዝህ የት ትደርስ ነበር?» ትለዋለች። በየቀኑ ያው ነው፤ በየቀኑም ይስቁ ነበር።

በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ምክንያት አገሩ በታወከበት በዚያ ታኅሣሥ፣ አንድ ጠዋት ዳገቱ አናት ላይ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘጉት። መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆመ። ደራርቱ እንደ ልማዷ ወረደች። ከላይ ጩኸት፣ ከዚያም ተኩስ ተሰማ። የፊተኞቹ መኪኖች እየዞሩ ሲሸሹ ዱባለ ሞተሩን አስነስቶ የመዳፏን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ደራርቱ፣ ዘገየሽ እኮ!» ብሎ ተቆጣ። ወርዶ ሲያይ ታኮዋ ቦታዋ ላይ ናት፤ መኪናዋን ደህና አድርጋ ይዛለች። ደራርቱ አጠገቧ ወድቃለች። ጥይቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ለሚስቱ የተናገራት የመጨረሻ ቃል ቁጣ መሆኗ ግን ሌት ተቀን አንጀቱን ትበላዋለች።

ዛሬ ጠዋት እምቢ ማለቱ ሰለቸውና መሪውን ያዘ። ገመቺስ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ አዲሷ መኪና ያስረዳው ጀመር።

«ይቺ እንደ ድሮዋ አይደለችም፣ ሶዳ» አለው። ሶዳ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው፤ ሲያቀርበው እንዲያ ይለዋል። «ዳገት ላይ እግርህን ከፍሬን ስታነሳ ራሷ ትይዝሃለች። አንድ ሁለት እስክትል አትንሸራተትም። ያኔ ነዳጅ ሰጥተህ መነሳት ነው። ታኮ የለ፣ ረዳት የለ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ። ያቺ ረዳት እህቱ ናትና።

ዱባለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነዳ። በኋላ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቀ።

«ቆየ እኮ። እኛ ጋ ነው የዘገየው።»

ዱባለ ይህቺን ቃል ይዞ ዳገቱን ጀመረ።

መሃሉ ላይ የጭድ መኪና ተበላሽቶ፣ ተሽከርካሪው ተራ እየጠበቀ ያልፋል። ደራርቱ የወደቀችበት ያ ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ዱባለ ቆመ። የፊቱ መኪና ሲንቀሳቀስ ማርሽ አስገባና እግሩን ከፍሬኑ አነሳ። እውነትም መኪናዋ ያዘችው። ማንም አልወረደም፣ ማንም ጎማ ሥር አላጎነበሰም። ያን ዕለት ይቺ መኪና ብትኖራቸው ደራርቱ ከወንበሯ ባልተነሳች። ይህን እያሰበ እንኳ ጆሮው ሳያዘው ወደ ኋላ ሄዶ የመዳፏን ድምፅ ይጠብቃል። የመኪናዋ ትዕግሥት አለቀና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ገመቺስ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። ከኋላ ጡሩምባው ተንጫጫ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

ዱባለ እንባው መሪው ላይ እየወረደ፣ ደራርቱ ሁለቴ ካልመታች እግሩ እንደማይታዘዝለት ነገረው። ገመቺስ ይህን አያውቅም ነበር። ጥቂት አየውና በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ወደ ኋላም ዞረ። የመኪናዋ ጎን ሁለቴ ተመታ።

«ዴሚ!»

ድምፁ ጎረነነ እንጂ አባባሉ የእሷው ነው። ዱባለ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፤ እግሩም ታዘዘለት። የጭድ መኪናውን አለፈ፣ ያንን ቦታ አለፈ፣ ሜዳው ላይ ወጥቶ ዳር ያዘ። ሞተሩን አጥፍቶ በስፖኪዮው ወደ ታች አየ።

ሰው እየመጣ ነው፤ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ። የእህትና የወንድም አረማመድ አንድ መሆኑን ዱባለ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ልብ ብሎት አያውቅም። በብብቱ ግን ታኮ የለም፤ ያቺ የወይራ ጉማጅ ከአሮጌዋ መኪና ጋር ተሸጣ ሄዳለች። ዱባለ ተንጠራርቶ በሩን ከውስጥ ከፈተለት። ገመቺስ እያለከለከ ገብቶ ተቀመጠ።

«ዘገየሽ» አለው ዱባለ፣ በቀስታ።

ገመቺስ አላረመውም። በሩን ዘጋ።